የልጄ ጣቶች ሞቁ

ልመናዬን ሰምቶ ለዚህ ቀን ያደረሰኝ ልዑል እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን። ይህን ምስክርነት የምሰጠው ስለቴን ለማድረስ ነው፤ «ልጄን ከነሙሉ እጁ ብትመልስልኝ በሰው ፊት እመሰክራለሁ» ብዬ ጅማ በሚገኘው ቤታችን ጓዳ ውስጥ ተንበርክኬ ቃል ገብቼ ነበር።

ጊዜው 2015 ዓ.ም. ሰኔ ነው። ከጅሬን በኩል የመጣው ዝናብ እንዳባራ የ9 ዓመቱ ልጄ ግቢያችን ካለው የአቮካዶ ዛፍ ላይ ወጣ። የአቮካዶ ቅርንጫፍ ተሰባሪ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ተገንጥሎበት ሲወድቅ ግራ መዳፉን ዘርግቶ መሬቱን ተደገፈ። ሮጬ ስደርስ ግራ እጁን በቀኙ አቅፎ ተቀምጧል፤ ክርኑም ወደ ኋላ አፈንግጦ ወጥቷል።

አማቴ ወዲያው ወጌሻ አስጠሩ። የመጡትን አባት አልወቅሳቸውም፤ የሰፈሩን ሰው ወለምታ ለዓመታት ሲያሹ የኖሩ፣ ያን ዕለትም ጭቃውን ረግጠው በቅንነት የደረሱልን ሰው ናቸው። ሁለት ጊዜ ስበው አልገባ ሲላቸው ክንዱን በቀርከሃ ስንጥቅና በጨርቅ ጥብቅ አድርገው አሰሩና «ዛሬ ይጠዘጥዘዋል፣ ነገ ይለቀዋል» ብለውን ሄዱ።

ልጄ እስከ ምሽት ድረስ አለቀሰ፤ ከዚያ ዝም አለ። አማቴ ተሻለው ብለው አመሰገኑ፤ እኔ ግን ጣቶቹን ስነካቸው እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዘው፣ ነጥተውም አገኘኋቸው። «እማዬ፣ የማንን እጅ ነው የያዝሽው?» አለኝ። ባለቤቴ ሾፌር ስለሆነ መንገድ ላይ ነበር። ጓዳ ገብቼ ተንበረከክሁና «ጌታዬ፣ እኔ አላውቅም፤ የሚያውቅ ሰው ላክልኝ» አልሁ። ከዚያ ስለቴ በቀር ሌላ ቃል አልወጣኝም።

ከጓዳ ሳልወጣ በሩ ተንኳኳ። ግቢያችን ውስጥ ተከራይታ የምትኖር ነርስ ናት። ያን ሌሊት ተረኛ ነበረች፤ ባልደረባዋ ተራ እንቀያየር ብላት ቤት ዋለች፣ የልጁንም ልቅሶ ከክፍሏ ስትሰማ አምሽታ ድንገት ጸጥ ማለቱ አስፈርቷት መጣች። የአውራ ጣቱን ጥፍር ጫን አድርጋ ለቀቀችው፤ ቶሎ ሊቀላ የሚገባው ጥፍር እንደነጣ ቀረ። «መቀስ አምጡልኝ» አለችና ማሰሪያውን ከላይ እስከ ታች ቀደደችው። ያበጠ ክንድ በጥብቅ ሲታሰር ደም መተላለፊያ እንደሚያጣ፣ እንዲህ ታስረው ያደሩ ልጆችም እጃቸው እስከ መቆረጥ እንደሚደርስ የነገረችን ባጃጅ ውስጥ ሆነን ነው። ጣቶቹን በእጄ ይዤ ነበር። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሳንደርስ ሙቀት ሲመለስባቸው ተሰማኝ፤ ልጄም እንደገና ማልቀስ ጀመረ። በሕይወቴ ልቅሶ ያስደሰተኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሐኪሙ አስቀድሞ የእጅ አንጓውን የደም ሥር ትርታ ዳሰሰ፤ ጣቶቹንም አንድ በአንድ እንዲያንቀሳቅስ አደረገው። ኤክስሬይ ሲነሣ ክርኑ ወልቆ የክንዱ አጥንቶች ወደ ኋላ ሄደዋል፤ በውስጥ በኩል ያለችው ትንሽ የአጥንት ጉብታም ተገንጥላለች። የልጅ አጥንት ገና በማደግ ላይ ስለሆነ ጅማቱ ከመበጠሱ በፊት እርሷን ገንጥሎ እንደሚሄድ፣ ስባሪዋ መገጣጠሚያው ውስጥ ተቀርቅራ ከቀረች ደግሞ ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልግ አስረዳኝ። መድኃኒት ሰጥተው ካስተኙት በኋላ አንዱ የላይኛውን ክንድ ያዘ፣ ሌላው ቀስ ብሎ እየሳበ ክርኑን አጠፈው፤ ቋ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ዳግመኛ ኤክስሬይ እስኪታይ ድረስ ያለውን ጊዜ ኮሪደሩ ላይ «ኪዳነ ምሕረት» እያልሁ ነው ያሳለፍሁት። ስባሪዋ ከመገጣጠሚያው ውጭ፣ ከቦታዋም ብዙ ሳትርቅ ተገኘች። ቢላዋ ሳይነካው በግማሽ ጄሶ ታሰረ።

ጄሶው በ3ኛው ሳምንት ሲፈታ ክርኑ ደርቆ ነበር። አማቴ በቅቤ ሊያሹት ፈለጉ፤ ሐኪሙ ግን ማሸትም ሆነ በኃይል መሳብ ጡንቻው ውስጥ አጥንት ሊያበቅል ይችላል ብሎ አጥብቆ ከልክሎናል፤ ልጁ ራሱ ሕመሙ እስከፈቀደለት ድረስ ያጥፈው፣ ይዘርጋው አለ። ይህ ወራት የፈጀ ትዕግሥት ነው፤ ከመጀመሪያው ሌሊት ይልቅ ይህኛው ጸሎቴን ፈትኖታል። በመስከረም አፉን በግራ እጁ ነካ። ዛሬም ከቀኙ ጋር ሲተያይ ጥቂት ሳይዘረጋ ይቀራል፤ ሐኪሙ ይህ ከክርን ውልቃት በኋላ የተለመደ መሆኑን፣ ሥራም እንደማይከለክለው ነግሮናል።

ታኅሣሥ 19 ቀን ለቅዱስ ገብርኤል የተሳልሁትን ጃንጥላ ልጄ በግራ እጁ ከፍ አድርጎ ይዞ ገባ። አማቴ እልል አሉ፤ ነርሷም አጠገባችን ቆማ ነበር።