ውሃው በ90 ሲፈላ

የታኅሣሥ ውርጭ ዛሬ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ለሻይ የተጣደው ውሃ ሲንተከተክ ሐሳቤ ሳይታወቀኝ ወደ ሥራ ሄደ። ይሄ ውሃ እኮ 100 ዲግሪ አልደረሰም፤ አይደርስምም።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት ወደ 0.72 ባር ስለሚወርድ ውሃ በ90 እና በ91 ዲግሪ መካከል ይፈላል። ሸዋ ሮቢት ቆላው ላይ ግን ወደ 96 ይጠጋል። ሰንሰሩን የፈላ ውሃ ውስጥ ከትቶ 90.5 ያነበበ ሰው ታዲያ "ተበላሽቷል" ይልና እውነቱን የተናገረውን ፒቲ 100 (ሙቀትን በኤሌክትሪክ መቋቋም የሚለካውን ሰንሰር) ነቅሎ ይጥላል። ያሳዝነኛል።

ከመጣሉ የሚብሰው ፒኤልሲው (ማሽኑን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር) ላይ 9.5 ዲግሪ ደምሮ "ተስተካከለ" ማለት ነው። ወተት ፓስቸራይዝ ለማድረግ 72 ዲግሪ ላይ 15 ሰከንድ መቆየት አለበት። እንዲህ በተደመረበት መስመር ስክሪኑ 72 ሲል ወተቱ 62.5 ላይ ነው። ጀርሙ አይሞትም፣ አላርምም አይጮኽም።

መፈተሽ በበረዶ ነው፤ የሚቀልጥ በረዶ ከፍታው ምንም ይሁን ዜሮ ዲግሪ ነው። በረዶውን ከንጹሕ ውሃ ሠርቶ ማድቀቅ፣ ቴርሞስ መሙላት፣ ክፍተቱን የሚሞላ ትንሽ ውሃ መጨመር። ሰንሰሩ ታች ሳይነካ ጠልቆ ይግባ፤ እያማሰሉ ንባቡ እስኪረጋ መጠበቅ ነው። ባለሦስት ሽቦ ከሆነ ከትራንስሚተሩ (ንባቡን ወደ ፒኤልሲው ከሚልከው ዕቃ) ነቅሎ መጀመሪያ በሁለቱ ቀያዮች መካከል ያለውን ኦም (የመቋቋም መለኪያ) መለካት ያስፈልጋል፤ እሱ የሽቦው ድርሻ ነው። ከዚያ ከቀዩ ወደ ነጩ ለክቶ ያንን መቀነስ። የሚቀረው 100 ኦም ከሆነ ሰንሰሩ ጤነኛ ነው። 0.385 ኦም አንድ ዲግሪ ስለሆነች የላላ ወይም የዛገ ተርሚናል ብቻውን ስንት ዲግሪ ያዛባል! ሰንሰር ከመቀየር በፊት ብሎኑን ማጥበቅ።

የሚያስጨንቀኝ ግን የሕክምና ዕቃን በግፊት እንፋሎት ከጀርም የሚያጸዳው ኦቶክሌቭ ነው። መመሪያው የተጻፈው ለባሕር ጠለል ነው፦ 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ)፣ 121 ዲግሪ። የግፊት ጌጁ ዜሮ ብሎ የሚነሳው ከአካባቢው አየር ስለሆነ እዚህ 15 ሲል ውስጡ ያለው እንፋሎት ወደ 116 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ያውም አየሩ በደንብ ከወጣ። 121 ለማግኘት ጌጁ ወደ 19 ፒኤስአይ መውጣት አለበት። ያንን ደግሞ የዕቃው ሰሌዳና ሴፍቲ ቫልቩ ካልፈቀዱ መንካት አይገባም፤ ቫልቭ ማፈን ሰው ይገድላል። በሙቀት የሚቆጣጠረው፣ በራሱ ፒቲ 100 የሚሠራው፣ ይሄ ችግር የለበትም። ሰዓቱን መቁጠር የሚጀምረው 121 ሲደርስ ነው፤ ጌጁ ምንም ይበል።

ያ ምድጃ ላይ የሚጣደው፣ ግፊቱን የሚይዘው ክብደት በ15 ፒኤስአይ ተወስኖ የመጣው ትንሹ ኦቶክሌቭስ? ሰዓት ከማራዘም ሌላ ምን ይደረግለታል? መንዝ ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ስንት ደቂቃ ቢቆይ ነው የሚበቃው? ጤና ጣቢያ ላሉት ይሄንን የሚነግራቸውስ ማነው?