ስምንት ጥቁር ኮት

«ሞኒተሩ ነው» አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥፋት አጥፍቻለሁ። ሌንስ ጥዬ አውቃለሁ፤ ባዶ መስሎኝ የቀን ሙሉ ሥራ ያለበትን ካርድ ደምስሼ አውቃለሁ። እነዚያን ሳስታውስ እስቃለሁ። ይህቺ ሁለት ቃል ግን እስከ ዛሬ ፊቴን ታግለዋለች።

ድርጅቱ ሁለት አዳዲስ ካሜራዎች ገዝቶ ነበር። ምስላቸው ግሩም ነው፤ ነገር ግን እንደ አሮጌዎቹ በጣት እየዞረ የሚቀያየር ኤንዲ፣ ማለትም ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት፣ በሆዳቸው ውስጥ የላቸውም። የዕቃ ክፍሉ ኃላፊም፣ የመጀመሪያው የካሜራ ረዳትም እኔ ስለነበርኩ ማት ቦክስና (ሌንሱ ፊት ቆሞ ፊልተር የሚይዝና ጥላ የሚሰጥ ሣጥን) ፊልተር መርጠህ አቅርብ ተባልኩ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ዋናው ካሜራማናችን ግን በሐሳቡ አልተስማማም። «ሌንሱ አፍ ላይ የሚጠመዘዝ አንድ ተለዋዋጭ ኤንዲ ይበቃል፤ ይህን ሁሉ ሣጥን ማን ይሸከመዋል?» አለ። ሃያ ዓመት የሠራ ሰው ነው፤ ሃያ ዓመት መሥራቱንም በየቀኑ ይነግረናል። እኔም ተለዋዋጭ ኤንዲ ማለት የተደራረቡ ሁለት ፖላራይዘሮች፣ ነጸብራቅ የሚያጠፉ መስታወቶች፣ መሆናቸውን፣ በሰፊ ሌንስ ላይ መጨረሻ ድረስ ሲያጠቁሩት ምስሉን የሚያቋርጥ የመስቀል ቅርጽ ጥላ እንደሚያጠላ፣ የሰው ፊት ላይ ያለውን ወዝ ሲያዞሩት እያጠፋ እየመለሰ እንደሚጫወትበት አስረዳሁ። አስረዳሁ ስል በስብሰባ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው። አሸነፍኩ።

ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ከሣጥን በቀር ሌላ ነገር አላሰብኩም። በቀጥታ ሌንሱን የሚነክሰው ዓይነት ቀላልና ፈጣን ነው፤ በትከሻ ለሚሠራ ሰው ከእርሱ የሚሻል የለም። የእኛ ሌንሶች ግን ግማሾቹ የፎቶ ሌንሶች ነበሩ፤ ፎከስ ሲደረጉ አፋቸው ወደ ፊት ይወጣል፣ አንዱማ እየወጣ ይሽከረከራል። እርሱ ላይ የተነከሰ ሣጥን አብሮ ይሽከረከራል ማለት ነው። ስለዚህ በ15 ሚሊሜትር ዘንግ ላይ የሚቆመውን፣ ሌንስ ሲቀየር እንደ በር ወደ ጎን የሚከፈተውን መረጥኩ። መጠኑ 4 በ5.65 ኢንች። 4 በ4 ይቀል ነበር፤ ነገር ግን ሰፊ ሌንስ ሲገባ የምስሉን ማዕዘን ይበላል። የፊልተር ማቀፊያው ሁለት ብቻ፤ ሦስተኛ ሲጨመር ሣጥኑ ይረዝምና ሰፊው ሌንስ የሣጥኑን ጠርዝ ማየት ይጀምራል። ከሁለቱ አንዱ ለፖላራይዘር እንዲሆን የሚዞር። ከላይና ከግራ ቀኝ ጥላ የሚሰጡ ክንፎች። ከኋላ ደግሞ በሌንሱና በሣጥኑ መካከል ያለውን ክፍተት የሚዘጋ የጎማ ቀለበት። ይህን ቀለበት ብዙ ሰው ይንቀዋል። ከኋላ ሾልኮ የገባ ፀሐይ የፊልተሩን ጀርባ ሲመታ ግን ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ካሜራማን ራሱን ምስሉ ውስጥ ያገኘዋል።

አያችሁ፣ ስለ ሣጥኑ ካነሣሁ አሁንም አላቆምም። ያኔም እንዲሁ ነበርኩ። ገንዘቡም ሐሳቤም ሣጥኑ ላይ አለቀ። መስታወቱ የመጣው ከዝርዝሩ ግርጌ ነው፤ ግዥ ክፍልም ከሁለቱ ዓይነት ርካሹን ገዛ።

የቀረጻው ቀን ስምንት ሰዎች ጥቁር ኮት ለብሰው ጎን ለጎን ወደ ካሜራው ይራመዳሉ። ቀትር ነው፤ አንድ ደመና የለም። ዳይሬክተሯ ከሰዎቹ ጀርባ ያለው ሁሉ እንዲደበዝዝ ስለፈለገች የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 4 ላይ መክፈት ነበረብን (ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት 800 አይኤስኦ ላይ ነው፤ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሹተሩ፣ ማለትም እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ፣ 1/50 ሰከንድ። በዚያ ፀሐይ ሹተሩን 1/800 ማድረግ ቢቻል ኖሮ ኤፍ 16 ልክ ይሆን ነበር። 1/50 ላይ ግን አራት ስቶፕ ይተርፋል (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በእጥፍ መጨመር ወይም በግማሽ መቀነስ ነው)፤ ከኤፍ 16 ወደ ኤፍ 4 ለመምጣት ሌላ አራት። ስምንት ስቶፕ መግደል አለብኝ። ኤንዲ 0.3 አንድ ስቶፕ ስለሆነ 1.8 ስድስቱን፣ 0.6 ሁለቱን ይይዛሉ። ሁለቱን መስታወቶች ከየከረጢታቸው አወጣሁ፤ በጠርዛቸው ብቻ ይዤ፣ ትንፋሼን ቆጥቤ፣ በየማቀፊያቸው አስገባኋቸው። ማቀፊያው ቦታውን ሲይዝ «ቀጭ» ይላል። ያን ድምፅ እወደዋለሁ። በነጭ ፕላስተር ላይ «2.4» ብዬ ጽፌ የሣጥኑ ጎን ላይ ለጠፍኩ፤ የገባውን ሳያውቅ ማንም እንዳይነካው።

አራት ጊዜ ቀረጽን። ሁሉም ሰው ተደሰተ። እንግዶች ወደ ካሜራው እየተጠጉ ሣጥኑን ሲያደንቁ ሰማሁ። ካሜራ ማት ቦክስ ሲለብስ የሚያገኘውን አክብሮት ሌንሱ ብቻውን መቼም አያገኘውም።

የአልባሳት ኃላፊዋ በዕድሜ ከሁላችንም ይበልጣሉ። ወደ ሞኒተሩ የሚመጡት የተጣመመ ክራባት ወይም የተከፈተ ቁልፍ ለማየት ነው፤ ስለ ምስል አስተያየት ሰጥተው አያውቁም። የዚያን ቀን መጥተው አጠገቤ ቆሙና ዝም ብለው ረጅም ጊዜ አዩ።

«እኔ ያለበስኩት ስምንት ጥቁር ኮት ነው» አሉ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«እዚህ ውስጥ አምስቱ ቡናማ ናቸው።»

አየሁ። ከልቤ ለመናገር፣ እርሳቸው ሳይናገሩም አይቼዋለሁ፤ ግን ዓይኔ ያየውን ጭንቅላቴ አልቀበልም ብሎት ነበር። ቡናማ ብቻም አይደለም፤ ታጥቦ ታጥቦ የደከመ፣ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ቡናማ።

«ሞኒተሩ ነው» አልኳቸው።

«ሞኒተሩ።»

«አዎ። ፀሐይ ላይ ሲሆን ቀለም ያዛባል። በኋላ ይስተካከላል።»

አልተከራከሩኝም። ወደ ሰዎቹ ሄደው የአንዱን እጅጌ በሁለት ጣቶቻቸው መካከል አሹት፤ የሌላውን ገበር ገልብጠው አዩ። ከዚያም አንዱን ኮት አስወልቀው ይዘው መጡና ከሞኒተሩ አጠገብ ዘረጉት። እንደ ከሰል ጥቁር ነው። የዚያው ኮት ምስል ሞኒተሩ ውስጥ የደረቀ ትንባሆ ይመስላል።

«ሞኒተሩ ከሆነ፣» አሉ፣ ድምፃቸውን እንኳ ሳያነሡ፣ «ሦስቱን ለምን ማራቸው ልጄ?»

እውነቱን ልናገር፤ ለዚህ ጥያቄ መልስ ነበረኝ። ከረጅም ጊዜ በፊት አንብቤዋለሁ፤ ለሌላ ሰውም አስተምሬዋለሁ። ተራ ኤንዲ ዓይን የሚያየውን ብርሃን ይቀንሳል እንጂ ከቀይ ወዲያ ያለውን፣ ዓይን የማያየውን ኢንፍራሬድ (በአጭሩ አይአር) በዚያው ልክ አይቀንስም። በር ላይ ቆሞ እንግዳ ሁሉ እየፈተሸ በአጥር የሚዘለውን እንደማያይ ዘበኛ ነው። አንድ ሁለት ስቶፕ ሲሆን አያስታውቅም፤ የሚታየው ብርሃን ብዙ ስለሆነ ሌላውን ይውጠዋል። ስምንት ስቶፕ ሲሆን ግን የሚታየው 1/256ኛ ብቻ ይቀራል፤ በአጥር የዘለለው ያልተነካ ያህል ገብቶ ይቆያል። ካሜራው ደግሞ ጥቂቱን ያየዋል፤ ቀይ አድርጎ። አንዳንዱ ጥቁር ጨርቅ በተለይም ሰው ሠራሹ ለዓይን ጥቁር ይሁን እንጂ ኢንፍራሬድን መልሶ ያንጸባርቃል፤ እንደ ክሩና እንደ ቀለሙ ይለያያል። ስምንቱ ኮቶች ከሁለት ግዢ የመጡ ነበሩ፤ ሦስቱ ከአንድ፣ አምስቱ ከሌላ። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። አፌ ላይ የመጣው ግን «ሞኒተሩ ነው» የሚለው ሆነ።

በዚህ መካከል ዋናው ካሜራማን ምንም ሳይናገር ቦርሳውን ከፈተ። ያቺን ተለዋዋጭ ኤንዲውን አወጣ። ሣጥኔን እንደ በር ወደ ጎን ገፋው (ለዚህም ጥሩ ነው፣ ብዬ ነበር)፣ ኤንዲውን ሌንሱ ላይ ጠመዘዘ፣ መጠኑን አስተካከለ፤ ከዚያም ሞኒተሩን ሳያይ እኔን አየኝ። ሞኒተሩ ላይ አምስት ቡናማ ኮቶች ነበሩ። ፖላራይዘርም ያንን ብርሃን ብዙ ጊዜ አይዘውም። ሥራ እየተበላሸ፣ ስምንት ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ እየቀለጠ ደስ ይላል? ደስ አለኝ። «የዛሬ ካሜራ!» ብሎ ኤንዲውን ወደ ቦርሳው መለሰ።

በመጨረሻ ሰዎቹን ወደ ሕንፃው ጥላ ወሰድናቸው። ጥላው ሦስት ስቶፕ ያህል ቀነሰልን፤ ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 11 ማጥበብ ሌላ ሦስት፤ የቀረውን ሁለት 0.6 ብቻዋን ያዘችው። ኮቶቹ ጠቆሩ። እንዲደበዝዝ የተፈለገው ጀርባ ግን ጥርት ብሎ ወጣ፤ ግድግዳ ላይ የተደገፈ መሰላልና ክዳኑ የጠፋ የቆሻሻ በርሜል። ዳይሬክተሯ በርሜሉን አይታ፣ እኔን አይታ፣ እንደገና በርሜሉን አየች።

በፀሐይ የተቀረጹትን አራቱን ለቀለም አስተካካዩ ላክናቸው። ቡናማውን ከምስሉ ላይ ሲስበው የሰዎቹ ፊት ወደ አረንጓዴ ሄደ፤ ቡናማ የሆኑት አምስቱ ብቻ ስለሆኑ ደግሞ ሦስቱ ኮቶች ሌላ ቀለም ያዙ። ከዚያ በኋላ ያለው የእጅ ሥራ ነው፤ አምስቱን ኮቶች አንድ በአንድ እየከበበ፣ እጅጌው በተወዛወዘ ቁጥር እየተከተለ። ጨርሶ ፋይሉን ሲልክልኝ ስሙን «ሞኒተሩ ነው» ብሎታል። ማን እንደነገረው አላውቅም።

በዚያ ሰሞን ጉዳዩን ለጠየቀኝ ሁሉ ግዥ ክፍል ርካሹን መረጠ እያልኩ ነገርኩ። ከላይ ለእናንተም ብያለሁ። ውሸት አይደለም። ነገር ግን የግዥ ኃላፊው ፊርማቸውን ከማኖራቸው በፊት ሁለቱን ወረቀቶች ይዘው ቢሮዬ ድረስ መጥተው ነበር። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ጣታቸውን ከአንዱ ረድፍ ወደ ሌላው እያስኬዱ፣ «መጠኑ ያው፣ ውፍረቱ ያው 4 ሚሊሜትር፣ ቁጥሩ ያው። በዚህኛው ላይ ግን አይአር የሚል ተጨምሮበታል፤ ዋጋውም ከፍ ብሏል። ልዩነቱ ምንድን ነው?» አሉኝ። ያን ጊዜ ከፊቴ የሣጥኑ ሥዕል ተዘርግቶ ነበር፤ የላይኛው ክንፍ ከካርቦን ፋይበር ይሁን ወይስ ከአሉሚኒየም እያልኩ እያመነታሁ ነበር። ቀና ሳልል፣ «መስታወት መስታወት ነው» አልኳቸው። አመስግነውኝ ሄዱ። እኚህ ሰው ከኮቶቹ በኋላ አንድም ቀን ይህን አላነሡብኝም፤ ቢያነሡብኝ ይቀለኝ ነበር።

አሁን ከፊልተሮቹ ከረጢት ውስጥ አንድ ጥቁር ቁራጭ ጨርቅ አለ። የአልባሳት ኃላፊዋ ከአምስቱ የአንዱን ገበር ቆርጠው ሰጡኝ፤ ምንም አላሉም፣ ጠርዙ እንዳይተረተር ግን ዘምዝመውታል። ካሜራ በተቀየረ፣ መስታወት በተገዛ ቁጥር ያቺን ጨርቅ ፀሐይ ላይ ዘርግቼ ኤንዲ ሳይኖርና 2.4 ገብቶ እቀርጻለሁ። ለአዲስ ረዳቶችም አሳያለሁ፤ ከሣጥኑ በፊት መስታወቱን ምረጡ፣ ከመስታወቱ በፊት ጨርቁን እዩ እላቸዋለሁ፤ በደንብ ያዳምጡኛል።

ኢንፍራሬዱን የሚይዙትን ኤንዲዎች በዓመቱ አስገዛሁ። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ስላልበቃ 1.8ን ከአንድ ፋብሪካ፣ 0.6ን ከሌላ ወሰድኩ። ኮቶቹ ጥቁር ናቸው፣ ጨርቋም ጥቁር ናት። ሁለቱ አብረው ሲገቡ ግን ነጭ ሸሚዝ ላይ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ አረንጓዴ ነገር አለ። ዳይሬክተሯ አላየችውም። ካሜራማኑም አላየውም። እትዬ ወደ ሞኒተሩ ሲመጡ 0.6ን አወጣና ቀዳዳውን አጠብባለሁ።