የውስጡ ሸራ

ዛሬ ጎንደር ከጎሃ ቁልቁለት ስወርድ የስኩተሬ የፊት ፍሬን ሲጥ ሲጥ ሲልብኝ ሰፈር ያለው መካኒክ ጋ ጎራ አልኩ፣ ልጁ ካሊፐሩን (ሸራዎቹን ይዞ ዲስኩ ላይ የሚጫነውን) ፈትቶ ሁለቱን የፍሬን ሸራ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። የውጪው ገና ወፍራም ነው፣ የውስጡ ግን ብረቱ ሊወጣ ምንም አልቀረውም፤ ከጎማው ጋር የሚዞር አንድ ዲስክ የሚይዙ ሁለት ሸራዎች እኮ ናቸው! ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች አቧራ ገብቶባቸው ደርቀዋል፣ አንዱ ጎን ብቻውን ሲሰራ ከርሟል አለኝ (ልክ እንደ ቢሯችን 😂)። ሸራውን ብቻ ቀይሮ መሸኘት ሲችል ፒኖቹን ጠርጎ ግሪስ ቀባ፣ ሸራውን የሚገፋውን ፒስተን ወደ ውስጥ መለሰ፣ ልነሳ ስል ደግሞ "ወንድሜ ቆይ፣ መጀመሪያ ፍሬኑን እስኪጠነክር ደጋግመህ ጨብጠው" አለኝ፣ እውነትም መጀመሪያ ስጨብጠው ባዶ ነበር። ሂሳብ ስጠይቀው የሸራውን ብቻ አለኝ። ለምን ይሆን እኛ ጋ ችግሩን ያገኘበት እውቀት የማይከፈልበት?