ኪሎ ሜትሩን ትተን ሰዓቱን ያቀድንበት ጉዞ

ቤተሰብ በመኪና ለዕረፍት ሊወጣ ሲል ወሬው ሁሉ «የት እንሂድ?» ነው። ዘንድሮ እኔ ጥያቄውን ለወጥኩት። «በቀን ስንት ሰዓት መቀመጥ እንችላለን?» አልኩ። ባለቤቴ ሳቀ። እናቴ ግን ወዲያው መለሰች፦ «ከአምስት ሰዓት የሚበልጥ ከሆነ እኔን ቤት ተዉኝ።»

ዕቅዱ በዚህ አለቀ ማለት ይቻላል። መኪናው ውስጥ አምስት ነን። እኔና ባለቤቴ፣ ድምፁ መጎርነን የጀመረው ልጃችን፣ መኪና የሚያዞራት ታናሽ እህቱና ጉልበቷን የሚያማት እናቴ። ጉዞውን መወሰን ያለበት ቶሎ የሚደክመው ሰው ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ካርታው ላይ አምስት ሰዓት የሚያስኬደውን ርቀት ለካሁና ከዚያ ውጭ ያለውን ሁሉ ሰረዝኩት። ብዙ ቆንጆ ቦታ ቀረ። ይቅር። ደርሶ ሁለት ቀን ለማገገም ብሎ መጓዝ ለእኔ ዕረፍት አይደለም።

በጋው ሊያልቅ ሲል መውጣታችንም ታስቦበት ነው። አብዛኛው ሰው ዕረፍቱን ጨርሶ ተመልሷል። መንገዱ ተንፍሷል። ማረፊያ ለማግኘት ደጅ መጥናት የለም። ችግሩ ቀኑ ነው። ሙቀቱ ስላለ ቀኑም ረጅም የሆነ ይመስለናል፤ ግን አይደለም። ከምድር ወገብ ራቅ ባለ ቦታ፣ በጋው አልቆ ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑበት ሰሞን ሲቃረብ ቀኑ ከመቼውም በበለጠ ፍጥነት ያጥራል። 45 ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ፣ ማለትም ከምድር ወገብና ከዋልታው መካከል እኩሌታው ላይ፣ በቀን 3 ደቂቃ ገደማ፣ በሳምንት 20 ደቂቃ ያህል ይቀንሳል። በጋው መሃል ላይ የለመደውን ሰዓት ይዞ የተነሳ ሰው ያላሰበው ጨለማ መንገድ ላይ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ሁለተኛው ሕጋችን ፀሐይ ሳትጠልቅ የምናድርበት መድረስ ሆነ። የማያውቁትን ከተማና የማያውቁትን በር በጨለማ መፈለግ ባልና ሚስት ያጣላል።

ባለቤቴ «ትንሽ ፈጠን ብንል እኮ በአምስት ሰዓት ብዙ እንሄዳለን» ብሎ ተከራከረ። ወረቀት አወጣን። 300 ኪሎ ሜትር በሰዓት 100 ከተነዳ 3 ሰዓት ይፈጃል። በ120 ከተነዳ 2 ሰዓት ተኩል። ትርፉ ግማሽ ሰዓት ነው፤ ያውም ሕጉ ከፈቀደና መንገዱ እስከ መጨረሻው ክፍት ከሆነ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን መኪናው የሚገፋው አየር ደግሞ አራት እጥፍ ይከብደዋል። ከ100 ወደ 120 ብቻ ሲኬድ እንኳ የአየሩ ግፊት 44 በመቶ ይጨምራል። ነዳጁን የሚጠጣው እሱ ነው። «ያተረፍነውን ግማሽ ሰዓት ማደያ ሰልፍ ላይ ልንጨርሰው ምን አስቸኮለን?» አልኩት። ዝም አለ። ዝም ማለቱ መስማማቱ እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ።

ከዚያ ወደ መኪናው ዞርኩ። ዘይትና ውሃ ሁሉም ሰው ያያል። የሚረሳው ጎማ ነው። በሙቀት፣ በሙሉ ጭነት፣ ለረጅም ሰዓት የሚሰቃየው ግን እሱ ነው። ንፋሱን ያስለካሁት ጠዋት፣ ጎማው ሳይግል ነው። ስንት መሞላት እንዳለበት የሚናገረው በሹፌሩ በር በኩል የተለጠፈው ጽሑፍ ነው። ጎማው ላይ ያለው ቁጥር ጎማው የሚችለው ጣሪያ እንጂ የሚመከረው ልክ አይደለም። ጎሚስታው ራሱ «ይኸው እዚህ ተጽፏል» ብሎ ጎማውን ሊያሳየኝ ሲል በሩን ከፍቼ አሳየሁት። መኪናው በሰውና በሻንጣ ሲሞላ የሚያስፈልገው ከፍ ያለ ልክም ብዙ ጊዜ እዚያው ተለጥፏል። መንገድ ላይ ጎማው ሲግል ንፋሱ መጨመሩ አይቀርም። ያንን አይቶ ማስተንፈስ አያስፈልግም፤ ሲቀዘቅዝ ከሚገባው በታች ሆኖ ያርፈዋል።

ዕድሜውንም አየሁ። ጎማው ጎን ላይ ከሚገኘው ረጅም ኮድ የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። 3519 ካለ እ.ኤ.አ. በ2019፣ በ35ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። አራቱ ደህና ነበሩ። ስኮርታው ግን ከሁሉም አርጅቶ፣ ንፋሱም ተሟጦ ተገኘ። እሱን አስቀየርን። ክሪኩና የጎማ መፍቻውም ከሻንጣዎቹ ሥር ወጥተው በቀላሉ የሚገኙበት ቦታ ገቡ። ጎማ ፈንድቶ መንገድ ዳር የቤተሰብ ልብስ ዘርግፎ ክሪክ የሚፈልግ ሰው አይታችሁ ታውቁ እንደሆን ምክንያቱ ይገባችኋል።

ይህን ያህል ስለፋ ያየኝ ልጄ «እማ፣ ጨረቃ ላይ ነው እንዴ የምንሄደው?» አለኝ። የቤርታ ቤንዝን ታሪክ ነገርኩት። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1888 ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ፣ ለባሏ ለካርል ሳትነግር፣ እሱ በሠራው መኪና ከማንሃይም ተነስታ ፎርዝሃይም ገባች። ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከዚያ በፊት በመኪና ያን ያህል መንገድ የሄደ ሰው አይታወቅም። ማደያ የሚባል ነገር ስላልነበረ ነዳጅ የገዛችው ከፋርማሲ ነው። የነዳጁ ቱቦ ሲደፈን በባርኔጣዋ መርፌ ከፈተችው። ፍሬኑ ሲያልቅባት ጫማ ሰሪ ፈልጋ ቆዳ አስመታችበት። ዳገቱን ደግሞ ልጆቿ ወርደው ገፉ። ልጄ እስከ መጨረሻው አዳመጠና «እኔ አልገፋም» ብሎ ሄደ።

የተነሳነው ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ነው። ትንሿ ከነብርድ ልብሷ ታቅፋ ገባች። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰዓታት በምንም አልለውጣቸውም። ልጆቹ ተኝተዋል፣ መንገዱ ባዶ ነው፣ አየሩ ቀዝቃዛ ነው። ፀሐይዋ ፊት ለፊት ብቅ ስትል ግን ሌላ ነገር ነው። የመኪና መስታወት ውጩን ሁሉም ያጥበዋል። ዝቅ ያለች ፀሐይ ስትመታው ዓይን የሚያጭበረብረው ግን ከውስጥ በኩል የሚይዘው ስስ ቅባት ነው። እሱን ማታውኑ ወልውዬው ነበር።

በየሁለት ሰዓቱ ለሩብ ሰዓት ቆምን። ለእናቴ ይሄ ምርጫ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው የጥናት ውጤት መሠረት፣ አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳይንቀሳቀሱ መጓዝ ደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋት ዕድልን በእጥፍ ገደማ ያሳድጋል። ዕድሉ ከመነሻው ትንሽ ነው። ቢሆንም በትልቅ ሰው ላይ ማን ይጫወታል? እናቴ በየማቆሚያው መኪናውን ትዞራለች። ባለቤቴ «እማማ፣ አሁን ይበቃዎታል፣ ይግቡ» ሲላት «አንተ ስትቸኩል እኔ እዘገያለሁ» ትለዋለች። እውነትም ትዘገያለች።

ሹፌሩም ቢሆን የሚያስፈልገው ያው ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ያህል ይሄዳል። ለአራት ሰከንድ ዓይኑ የተከደነ ሹፌር ከ110 ሜትር በላይ ማንም ሳይነዳው ሄደ ማለት ነው። ከምሳ በኋላ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ሰውነት በራሱ ወደ እንቅልፍ ያዘነብላል፤ ባይበላም ያዘነብላል። መስኮት መክፈትና ሙዚቃ ማስጮህ የሚረዳው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። እኛ ያደረግነው ቡና ጠጥቶ ወዲያው 20 ደቂቃ ማሸለብ ነው። ካፌይን በደንብ ለመሥራት ግማሽ ሰዓት ገደማ ስለሚፈልግ፣ ሹፌሩ ነቅቶ ፊቱን ሲታጠብ ይደርስለታል። ባለቤቴ መጀመሪያ «ቡና ጠጥቶ የሚተኛ ሰው የት አየሽ?» ብሎ አሾፈ። አሁን ከእኔ ቀድሞ መቀመጫውን የሚያስተኛው እሱ ነው።

እሱ ሲተኛ እኛ ጥላ ሥር ወጥተን እንቀመጣለን። እሱም ጥላ ውስጥ፣ በሮቹን ከፍቶ ነው የሚተኛው። ውጭው 22 ዲግሪ ብቻ ቢሆን እንኳ ፀሐይ ላይ የቆመና የተዘጋ መኪና ውስጡ በአንድ ሰዓት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። መስኮት ገርበብ ማድረግ እምብዛም አይለውጠውም። «ለሁለት ደቂቃ ነው» ተብሎ ልጅ መኪና ውስጥ የሚተውበትን ልማድ ስለምጠላ ይቺን ሳልናገር አላልፍም።

የትንሿ ነገር አሳስቦኝ ነበር። መኪና የሚያዞረን ጆሯችን «እየተንቀሳቀስን ነው» ሲል ዓይናችን «ቁጭ ብለናል» ስለሚል ነው። ከሁለት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ያሉ ልጆች ላይ ይበረታል። ስልክ ወይም መጽሐፍ ላይ ያቀረቀረ ልጅ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ከኋላ መሃል ላይ፣ በፊት መስታወት ሩቁን ማየት የምትችልበት ቦታ አስቀመጥናት። ሥራም ሰጠናት፦ ከሩቅ የሚመጣውን ቢጫ መኪና ሁሉ ቀድሞ መጥራት። ጨዋታው ለእኛ ከሞተሩ ድምፅ በላይ ሰለቸን። እሷ ግን አላስመለሳትም።

አሁን የጉዞው ትልቁ ነገር ወደምለው ልምጣ። ሙዚቃ ለመምረጥ ሕግ አውጥተን ነበር። እያንዳንዱ ሰው አንድ ሰዓት አለው፤ በሰዓቱ ማንም አይቃወመውም። የልጄን ሰዓት ጥርሳችንን ነክሰን አሳለፍን። የባለቤቴ ሰዓት እንደተለመደው ከወጣትነቱ አልወጣም። የእናቴ ተራ ሲደርስ ዝምታ መረጠች። «ዝምታ እኮ ሙዚቃ አይደለም» ብሎ ልጄ ተቃወመ። «ሰዓቱ የማን ነው?» አለችው። አለቀ።

መሪ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ሃያ ደቂቃ ያህል የጎማ ድምፅ ብቻ ሰማን። ከዚያ ልጄ ከኋላዬ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ስለ አንድ ጓደኛው ማውራት ጀመረ። ለወራት ስሙን ያልሰማሁት ጓደኛ ነው። ለምን እንደተኳረፉ፣ ማን ምን እንዳለ፣ ትምህርት ሲከፈት ከማን ጋር እንደሚቀመጥ እንደጨነቀው ነገረን። ቤት ውስጥ «ምን ሆነሃል?» ሲባል «ምንም» የሚል ልጅ ነው እንግዲህ። አልዞርኩም። በመስታወትም አላየሁትም። «እሺ» እና «ከዚያስ?» ብቻ አልኩ። እናቴም አንዲት ምክር አልወጣትም፤ ለእሷ ይሄ ከባድ ነው።

ብዙ አሰብኩበት። መኪና ውስጥ ሰው ለሰው አይተያይም። ሁሉም ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ነው የሚያወራው። ጥያቄ ሲመጣ ፊት ላይ የሚነበብ ነገር የለም። ተነስቶ የሚኬድበት ክፍልም የለም። ወሬው ሲከብድ «ያቺን ወፍ አያችሁ?» ብሎ ማምለጥ ይቻላል፤ ማንም አይታዘብም። ግን ይህ ሁሉ የሚሆነው ጊዜ ሲኖር ነው። እንደርሳለን ብለን እየተጣደፍን ቢሆን ኖሮ ያን የዝምታ ሰዓት ማን ይፈቅድ ነበር? አምስቱን ሰዓት ያከበርነው ለእናቴ ጉልበት ነው። የጠቀመው ግን ለልጄ ሆነ።

ስለ መድረሻው ብዙ የምለው የለኝም። ውሃ ነበረ፣ ጥላ ነበረ፣ ጠገብ ብለን ተኛን። አንድ ነገር ግን አናደደኝ። ለእናቴ ብዬ ምድር ቤት ክፍል ጠይቄ፣ በጽሑፍ አረጋግጠውልኝ፣ ስንደርስ ሦስተኛ ፎቅ ሰጡን። አሳንሰር የለም። ጽሑፉን ስልኬ ላይ አስቀምጬው ስለነበር አሳየኋቸውና ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ተቀየረልን። ከዚያ ወዲህ በምንደርስበት ዕለት ጠዋት ሳልደውል አልነሳም።

ስንመለስ ልጄ «በሌላ መንገድ ነው እንዴ የመጣነው?» አለ። ያው መንገድ ነው። የመልስ መንገድ ያጠረ የሚመስለው ብዙ ሰው ላይ ነው። ተመራማሪዎች ከሚሰጡት ምክንያት አንዱ እንዲህ ነው፦ ስንሄድ መንገዱን ከልክ በላይ አቅልለን እንነሳና ይረዝምብናል፤ ስንመለስ «ያ ረጅም መንገድ» ብለን ተዘጋጅተን እንገባና ቶሎ ያልቃል።

ከጉዞው ጫፍ ላይ አንድ ባዶ ቀን አስቀርቼ ነበር፤ በመመለሳችንና ሥራ በመግባታችን መካከል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ የኔዘርላንድ ጥናት ሰዎች በዕረፍት ጉዞ ይበልጥ የሚደሰቱት ከመሄዳቸው በፊት እንደሆነ፣ ከተመለሱ በኋላ የደስታው ብልጫ የሚቆየው በጣም ዘና ያለ ጉዞ ላሳለፉት ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። ልብስ ሳይታጠብ፣ መኪና ሳይራገፍ፣ በማግሥቱ ቢሮ መግባት ዘና ያደረገንን ሁሉ በአንድ ጠዋት ያጠፋዋል። ባለቤቴ በመጨረሻው ማታ «ያቺን ቀን እዚሁ ብናሳልፋትስ?» ብሎ ሞክሮኝ ነበር። እናቴ ከእኔ ቀድማ «አይሆንም» አለችው።