90 ቶን ወይስ 90 በመቶ?

ነሐሴ 23 ቀን 2009 ዓ.ም. ነበር። ቀኑን የማልረሳው በአየር ላይ ቦምብ የሠራሁበት ቀን ስለሆነ ነው።

ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሬዲዮ ጣቢያ የውጭ ዜና ዴስክ ላይ ነበርኩ። ከዜና ወኪሎች የሚመጣውን ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። የዚያን ቀን ከካዛኪስታን አንድ ዜና ደረሰን። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ የዩራኒየም ባንክ አቋቁሟል። ፕሬዚዳንት ናዛርባየቭና የኤጀንሲው ኃላፊ ዩኪያ አማኖ ዋና ከተማዋ አስታና ላይ መርቀውታል። ባንኩ እስከ 4.95 በመቶ የበለጸገ 90 ቶን ዩራኒየም ይይዛል።

ለሰባት ሰዓቱ ዜና ሃያ ደቂቃ ቀርቷል። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። ድንገት መብራት ሄደ፤ ኮምፒውተሬም የጻፍኩትን ይዞ ሄደ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ አልጠበቅኩም። ያስታወስኩትን በእጄ ጻፍኩና ወደ ስቱዲዮ ሮጥኩ። ኤዲተሩ በሞባይሉ ብርሃን አየት አድርጎ ፈረመበት። አንባቢዋም በዚያ በሚያምር ድምጿ «90 በመቶ የበለጸገ ዩራኒየም የሚያከማች ባንክ ተመረቀ» ብላ አነበበችው።

ማንም ምንም አላለም። ስፖርት ገባ፤ እኛም ለምሳ ተነሳን። በሩ ላይ ሳለን ስልክ ጮኸ።

«ያንን ዜና የጻፈው ማነው?»

እኔ ነኝ አልኩ። የደወሉት ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ናቸው።

«ስሚኝ ልጄ፣ ካዛኪስታን ላይ ቦምብ ከመራችሁ እኮ።»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

«ማበልጸግ ማለት ለቀማ ነው። ሺህ ፍሬ ስንዴ አስቢ» አሉኝ። «የምትፈልጊያቸው ሰባት ፍሬ ብቻ ናቸው። ሌላው እንክርዳድ ነው በይው። ከመሬት የሚወጣ ዩራኒየም እንደዚያ ነው። 860ውን ለቅመሽ ጣይው። 140 ቀረሽ። ሰባት ከ140፣ ይኸው 5 በመቶ። ይሄ መብራት ያበራል። አሁን ደግሞ ከ140ው ላይ 132 ልቀሚ። ስንት ቀረ?»

«ስምንት።»

«ሰባት ከስምንት። ወደ 90 በመቶ ተጠጋሽ። ይሄኛው ከተማ ያጠፋል። ለመሆኑ የትኛው ለቀማ አደከመሽ?»

«የመጀመሪያው» ስል ነገሩ ገባኝ። ለመብራት ብሎ የሚያበለጽግ አገር ወደ ቦምቡ የሚወስደውን ልፋት አብዛኛውን ጨርሷል ማለት ነው። ማሽኑም ያው ነው፤ በፍጥነት እየሾረ ፍሬውን ከእንክርዳዱ የሚለየው ሴንትሪፊውጅ። የባንኩም ምክንያት ይኸው ነው። አንድ አገር «ነዳጅ ቢከለክሉኝስ?» ብሎ የራሱን ማበልጸጊያ እንዳይተክል፣ የክፉ ቀን ነዳጅ ከሻጮቹ ፖለቲካ ራቅ ብሎ ይቀመጥለት ነው ሐሳቡ።

ስጋቱ ባዶ አይደለም። ኢራን ከአብዮቱ በፊት ፈረንሳይ ካለ ማበልጸጊያ 10 በመቶ ድርሻ ገዝታ ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ግን አንድም ግራም አልደረሳትም። ይህንን እስካሁን ታነሳለች። እንዲያም ሆኖ ባንክ ተከፈተ ብላ የማበልጸጊያ ማሽኖቿን ትነቅላለች ብዬ አላመንኩም። ቦምብ ለመሥራት የቆረጠን አገር መጋዘን አይመልሰውም። የሚጠቅመው ገና ለሚያመነታው ነው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስን እዩ። ዩራኒየም አላበለጽግም ብላ ቃል ገብታ የባራካን የኒውክሌር ኃይል ጣቢያ ሠራች፤ ለባንኩም 10 ሚሊዮን ዶላር አዋጣች።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ኤዲተሩ «ማን ያስተውላል? ይለፍ» አለኝ። «አንድ ሰው አስተውሏል» አልኩት። ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ለማታ ሁለት ሰዓቱ ዜና እርማት እንድጽፍ ተስማማን።

ከሰዓቱን ሙሉ ሳነብ ዋልኩ። ባነበብኩ ቁጥር ስህተቴ ይብስብኝ ጀመር። ባንኩ ያለው ኡስት-ካሜኖጎርስክ በሚባል ከተማ፣ ኡልባ በተሰኘ የብረታ ብረት ፋብሪካ ግቢ ነው። በ1994 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አሜሪካኖች 600 ኪሎ ገደማ ለቦምብ የሚሆን ዩራኒየም በአውሮፕላን ጭነው የወሰዱት ከዚሁ ፋብሪካ ነው! በኤጀንሲው ስሌት 25 ኪሎ ለአንድ ቦምብ ይበቃል። ከ23 ዓመት በፊት በስንት ጥንቃቄ የወጣውን እኔ በአንድ ቃል መለስኩት። ቀኑም ሌላ ጉድ ነው። ሶቪየቶች ከ450 በላይ የኒውክሌር ፍንዳታ ያካሄዱበት የሴሚፓላቲንስክ መሞከሪያ በ1991 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተዘጋው በዚሁ ቀን ነበር።

እርማቱ ተነበበ። አሁን ደግሞ «ባንክ» የሚለው ቃል ጣጣ አመጣ። የሕንፃችን ጥበቃ በማግስቱ በር ላይ አስቁሞኝ «ወለዱ ስንት ነው?» አለኝ። ቀልዱን መሰለኝ፤ ምርር ብሎ ነው የጠየቀኝ። ወለድ የለም። ቁጠባም የለም። ገንዘቡ 150 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ 50ው የመጣው በቢሊየነሩ ዋረን በፌት ድጋፍ ነው፣ የቀረውን መንግሥታትና የአውሮፓ ኅብረት አዋጡት። ነዳጅ የተቋረጠበት አገር ከኤጀንሲው ጋር የቁጥጥር ስምምነት ካለው፣ በገበያ ዋጋ ከፍሎ ይወስዳል። በገንዘቡ የጎደለው ይተካል። «እና ምኑን ባንክ ሆነ?» አለኝ ጥበቃው። መልስ አልነበረኝም።

መምህሩ ግን ነበራቸው። ስደውልላቸው «ጎተራ በይው፣ አለቀ» አሉኝ። ኤዲተሩ አልተቀበለውም። የዜና ቋንቋ አይደለም አለ።

ሲመረቅ ጎተራው ባዶ ነበር። የመጀመሪያው ጭነት የገባው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 2012 ዓ.ም. ላይ ነው። ኦራኖ ከተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ 32 ሲሊንደር መጣ። ኅዳር መጨረሻ ላይ የካዛኪስታኑ ካዛቶምፕሮም 28 ጨመረበትና 90ው ቶን ሞላ። አንድ ትልቅ ሪአክተርን (የኒውክሌር ማመንጫ ምድጃን) አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ የሚሞላ ነዳጅ ነው።

ያንን ዜና የጻፍኩት እኔው ነኝ። ስቱዲዮ ከመግባቱ በፊት መምህሩ ጋ ደወልኩ። ቀስ ብዬ አነበብኩላቸው። 90 ላይ ስደርስ «ቶን» የሚለውን ጠበቅ አደረግኩት።

«እስካሁን ማን ወሰደ?» አሉኝ።

«ማንም፣ ጋሼ።»

«ደግ። አንድ ነገር ግን ጆሮዬን ጎርብጦታል። አሁንም ባንክ ነው የምትሉት?»

«ኤዲተሩ እምቢ ብሎኝ ነው።»

«የእሱን ስልክ ቁጥር ስጪኝ» አሉ። ሰጠኋቸው።