ማስመሪያው

ከጠዋት ጀምሮ ደብቶኛል። ዝናቡ ይሁን ትናንት ከእህቴ ጋር የተነጋገርነው፣ እንጃ። «ገንዘቡን በመርፌ ጨረሳችሁት» ብላኛለች ከቨርጂኒያ። መልስ ስፈልግላት ዋልኩ።

ዛሬ አኩፓንክቸር የሚሉት የአባባ የመርፌ ሕክምና ስድስተኛ ቀኑ ነበር። ቻይናዊው ሐኪም ፀጉር የመሳሰሉትን መርፌዎች አንዱን አናቱ ላይ፣ አንዱን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል፣ ሌላውን ከጉልበቱ ዝቅ አድርጎ ሰካቸው። ያምም እንደሆነ ስጠይቀው ዓይኑን ሳይገልጥ «ዋግምት ይብሳል» አለኝ። በልጅነቱ ጀርባውን በምላጭ በጣ በጣ አድርገው በቀንድ መጥጠውታል።

ስንወጣ ደረሰኝ ላይ ፈረመ። ቀልቤን የወሰደው ይኼ ነው። አባባ ዕድሜውን ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፈ መምህር ነው፤ የ«ሐ» እግሮቹ እንደ ወታደር የተሰለፉ ነበሩ። ሕመሙን ከሁላችንም ቀድማ ያወቀችው የባንክ ገንዘብ ከፋይዋ ናት፤ «ፊርማዎ አይመሳሰልም» አለችው። ፊደሉ እየሄደ ያንሳል፤ መጨረሻው ላይ ጉንዳን ያህላል። ፓርኪንሰን እንዲህ ያደርጋል አለን የነርቭ ሐኪሙ። ዛሬ ግን ፊርማው ተለቅ አለብኝ።

መርፌው ሠራ እንዳልል፣ በፓርኪንሰን ላይ የተደረጉት የአኩፓንክቸር ጥናቶች አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው። ቻይናዊው ራሱ የፓርኪንሰን መድኃኒቱን፣ ሌቮዶፓውን፣ እንዳያቋርጥ በአስተርጓሚ ሁለት ጊዜ አስጠንቅቆታል። በጥናቶቹ ለማነጻጸሪያ የሚሆን የሐሰት መርፌም አለ፤ እንደ ቴአትር ጩቤ ጫፉ ደንዝዞ ወደ እጀታው የሚገባ። ታማሚው ግን ተወግቻለሁ ይላል።

ከዚህ ሁሉ እንቅልፍ የነሣኝ አንድ ነገር ነው። በፈረንጆቹ 2001 በቫንኩቨር ያሉ ተመራማሪዎች መድኃኒት ለሚጠብቁ የፓርኪንሰን ሕመምተኞች ጨዋማ ውኃ ወጓቸው፤ አንጎላቸውን ሲመለከቱት ዶፓሚን፣ እንቅስቃሴን የሚያግዘው የአንጎል ኬሚካል፣ ፈልቋል። የአባባ አንጎል ያጣው እኮ ይህንኑ ዶፓሚን ነው! ለሌላው ሕመምተኛ ተስፋ መጽናኛ ይሆነዋል፤ ለእሱ ግን ለጥቂት ጊዜም ቢሆን የጎደለውን ያፈልቅለታል ማለት ነው። ታዲያ ይህን ልንገረው? ብነግረው ምንጩን ባደርቅበትስ? ዝም ካልኩ ደግሞ፣ ውሸት እንዳንናገር በአለንጋ ያሳደገንን ሰው እያታለልኩ ነው።

ተነሥቼ ማስመሪያ አመጣሁ። የባለፈው ወር ፊርማ 21 ሚሊ ሜትር፣ የዛሬው 26። ደግሜ ስለካው 24 ሆነ። ለካስ ማስመሪያውን የያዘው እጄ ይንቀጠቀጣል። ደግሞም የዛሬው ደረሰኝ ከፊርማው ሥር ወፍራም መስመር አለው፤ የባለፈው ወር ባዶ ነው። የፓርኪንሰን ሕመምተኛ መስመር ሲያገኝ ፊደሉ ተለቅ እንደሚል አንብቤ ነበር።

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሆኗል። መጀመሪያ የተነሣሁት ለእህቴ ልደውል ነበር። ምን ልላት? አባባን አምስት ሚሊ ሜትር ተሻለው? ወይስ ሦስት?