አራት የ10 ቁጥር ቁልፍ ኖሮኝ አንድም ያጣሁበት ቅዳሜ

በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ ውስጥ፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ የአሮጌዋን ኮሮላዬን ባትሪ ፈትቼ ቻርጅ ላስደርግ ተነሣሁና የ10 ቁጥር (የ10 ሚሊ ሜትር) የዳዶ መፍቻ ቁልፍ አጣሁ። እየጠፋብኝ አራት ጊዜ የገዛሁት ቁልፍ ስለሆነ ቢያንስ አንዱ ቤት ውስጥ እንደማይታጣ እርግጠኛ ነበርኩ። ሣጥኑን ገለበጥኩ፤ ከሲሚንቶ ከረጢቱ ሥር፣ ከቀለም ቆርቆሮዎቹ ጀርባ፣ ከመኪናዋ ወንበር ሥር ሳይቀር ፈለግኩ፤ ሁለት ሰዓት ያህል ከባከንኩ በኋላ ትዕግሥቴ አለቀና የባትሪውን ማሰሪያ ዳዶ በፒንሳ ያዝኩት። ፒንሳው ሁለት ጊዜ ሲያመልጥ የዳዶው ጠርዝ ተልጦ ክብ ሆነ፤ ከዚያ ወዲያ ትክክለኛው ቁልፍ ቢገኝ እንኳ የሚይዘው ነገር አልነበረም። በመጨረሻ መካኒክ ተጠርቶ ማሰሪያው በሴጌቶ ተቆርጦ ወጣ፤ በአንዲት ዳዶ ጦስ አዲስ ማሰሪያ ገዛሁ፤ የመካኒኩንም ሒሳብ ከፈልኩ።

ወርክሾፕ እያልኩ የምጠራው ኮተቤ ካለው ቤታችን ጀርባ የሚገኝ፣ 3 ሜትር በ5 ሜትር ተኩል የሆነ የመኪና ማቆሚያ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ሁለት ጎኑ ብሎኬት፣ ወለሉ ሊሾ ሲሆን፣ መኪናዋ ስትገባ ለእኔ የሚተርፈኝ በአንድ ጎን ያለው፣ አንድ ሜትር እንኳ በቅጡ የማይሞላ መተላለፊያ ነው። ሙያዬ የሒሳብ ሥራ ነው። ዘይት መቀየርን፣ የፍሬን ሸራ መለወጥን፣ መደርደሪያ መሥራትንና ቧንቧ መጠገንን በራሴ እጅ የምሠራው ከፊሉን ወጪ ለመቆጠብ፣ ከፊሉን ደግሞ፣ ምን ልደብቅ፣ ስለምወደው ነው።

መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ስትወጣ ያለኝን ሁሉ አውጥቼ ግቢው ውስጥ በዘረጋሁት ሸራ ላይ ደረደርኩት። የጠፉት ቁልፎች የታዩት ያን ጊዜ ነው፤ አንዱ በሥራ ቱታዬ ኪስ፣ ሁለተኛው በደረቀ የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከመኪናዋ ሞተር ሥር ባለው መከላከያ ላሜራ ላይ፣ ማን ያውቃል ለስንት ወር አብሮኝ ሲጓዝ ከርሞ ተገኘ። አራተኛው ጎረቤት ዘንድ ነበር፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። የሙያዬ ልማድ አለቀቀኝምና ቆጠራ አካሄድኩ፤ ከ163 ዕቃዎች ውስጥ ባለፉት ሁለት ዓመታት የተጠቀምኩባቸው 34ቱን ብቻ ነበር። 11 ካቻቢቴ ነበረኝ፤ የሰባቱ ጫፍ ተበልቷል። “108 ፍሬ” ተብሎ በአንድ ሣጥን ከገዛሁት ስብስብ እጄ የነካው ዘጠኙን ሲሆን፣ የቀሩት ልባሳቸው ሳይነካ እንኳ መላጥ ጀምሮ ነበር።

ከዚያ ስብስብ የተማርኩት አንድ ነገር ገንዘቤን ያስቆጨኝን ያህል ጠቅሞኛል። ቡሶላዎቹ፣ ማለትም ዳዶው ላይ የሚጠለቁት ባለ ቀዳዳ መፍቻዎች፣ በሙሉ ባለ 12 ማዕዘን ነበሩ። ባለ 12 ማዕዘን ቡሶላ ዳዶውን የሚይዘው ጥጉ አካባቢ ነው፤ ባለ 6 ማዕዘኑ ግን ኃይሉን ወደ ጠፍጣፋው ጎን ስለሚያሳርፍ የዛገና የጠበቀ ዳዶ ሳይልጥ ይፈታል። ጠባብ ቦታ ላይ ቡሶላውን በትንሽ በትንሹ ለማስገባት 12ቱ ይመቻል፤ ለአሮጌ መኪና ግን 6ቱን እመርጣለሁ። ስለዚህ ዕቃ ከመግዛቴ በፊት የምሠራቸውን ሥራዎች በወረቀት ጻፍኩ፤ ከእያንዳንዱ ሥራ ፊት የሚያስፈልገውን አስቀመጥኩ፤ ለባትሪው ማሰሪያ 10፣ ለዘይት ማፍሰሻው 14፣ ለጎማው 21 እያልኩ ስወርድ ለመኪናዋ በእውነት የሚያስፈልገኝ ከስምንት የማይበልጥ መጠን ሆኖ ተገኘ። በወረቀቱ ላይ ቦታ ያላገኘውን ዕቃ ከፊሉን ለሚፈልግ ሰጠሁ፤ ከፊሉን ለቆራሌው ሸጥኩ።

ግዢውን ቀስ በቀስ፣ ስድስት ወር ያህል ወስጄ ጨረስኩት። አዲሱን ከሱቅ፣ ያገለገለውን ከሶማሌ ተራ፣ መሮና መጥረቢያውን ከምናለሽ ተራ ነው የገዛሁት። ያገለገለ ጥሩ ዕቃ ከአዲስ መናኛ ዕቃ እንደሚሻል አሁንም አምናለሁ፤ ነገር ግን መፈተሽ ያስፈልጋል። የእንግሊዝ ቁልፍ ስገዛ መንጋጋውን እስከ ግማሽ ከፍቼ በጣቴ ወደ ጎን አወዛውዘዋለሁ፤ ከተንገጫገጨ ዳዶ እንደሚልጥ አውቄ እመልሰዋለሁ። ከባሌስትራ (ከመኪና ሥር ካለው የስፕሪንግ ብረት) የተቀጠቀጠ መሮ ስገዛ ትንሽ ሞረድ በኪሴ ይዤ እሄዳለሁ። የባሌስትራ ብረት በደንብ ግሎ በትክክል ከተነከረ ጠንካራ ስለት ይወጣዋል፤ ሞረዱን ስለቱ ጫፍ ላይ ሳስኬድ ከተንሸራተተ ተነክሯል ማለት ነው፤ እንደ ለስላሳ ብረት ከነከሰው ግን መልኩ ብቻ መሮ የሆነ ነገር ነው። ሻጩ መጀመሪያ በሞረዱ ቅር ብሎት ነበር፤ በኋላ ራሱ “ይህቺን ሞክራት” እያለ ያቀርብልኝ ጀመር።

ባለ መስቀል ካቻቢቴ ላይም ብዙ ብሎን አበላሽቻለሁ። የእጄ ድክመት ይመስለኝ የነበረው፣ ጃፓን ሠራሽ መኪኖች ላይ ያለው የብሎን መስቀል ከተለመደው የፊሊፕስ መስቀል ጥቂት የሚለይ መሆኑን እስካውቅ ድረስ ነው፤ ፊሊፕሱ እስከ ታች ድረስ ስለማይቀመጥ ጠበቅ ሲደረግ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሲወጣም መስቀሉን ይበላዋል። ብዙዎቹ የጃፓን ብሎኖች ራሳቸው ላይ አንዲት ነጥብ አላቸው፤ ነጥቧን ሳይ ለዚሁ ብዬ የለየሁትን ካቻቢቴ አነሣለሁ።

ዋሽንግተን የሚኖረው ወንድሜ ለእረፍት ሲመጣ ያመጣልኝ ድሪል የደረሰበትንም ልናገር። የኛ መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው፤ የአሜሪካው 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው። ይህን በወሬ ደረጃ አውቀው ነበር፤ ሆኖም የሶኬቱን ጥርስ የምትቀይረዋን ትንሽ ማገናኛ ስገዛ ነገሩ ሁሉ የተፈታ መሰለኝ። ማገናኛዋ የምትቀይረው ቅርጹን እንጂ ቮልቱን አይደለም። ድሪሉ ከአምስት ሰከንድ ላልበለጠ ጊዜ ሰምቼው በማላውቀው ፍጥነት ጮኸ፣ በጎኑ ሰማያዊ ብልጭታ ታየ፣ ከዚያ የተቃጠለ ሽታ ግቢውን ሞላው። ወንድሜ ገና ሻይውን አልጨረሰም ነበር። ከዚያ ወዲህ “ምን ላምጣልህ?” ሲለኝ መብራት የማይፈልግ የእጅ መሣሪያ ብቻ እጠይቃለሁ፤ እሱንም “በሚሊ ሜትር” ብዬ አስምሬ። ምክንያቱም በኢንች የተሠራው 9/16 ሲለካ 14.29 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 14 ቁጥር ዳዶ ላይ የገባ መስሎ ጠርዙን ይልጣል።

ወደ አደረጃጀቱ ስመጣ፣ ትልቁ ጠላቴ ዝገት መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። በክረምት ሌሊት የቆርቆሮው ጣሪያ ሲቀዘቅዝ ከሥሩ ያልበዋል፣ ጠብታውም ዕቃው ላይ ይወርዳል፤ ሊሾውም ከሥሩ ርጥበት ይስባል። እኔ ደግሞ የብረት ሣጥኔን እዚያው ወለል ላይ አስቀምጬ፣ በእርጥብ እጄ የነካኋቸውን ቁልፎች ከነላቤ ከድኜባቸው እሄድ ነበር። ስለዚህ ሁሉንም ወደ ግድግዳ ለማውጣት ወሰንኩ። አንድ ሙሉ ኮምፔንሳቶ ገዝቼ ብሎኬቱ ላይ በቀጥታ ሳልለጥፈው፣ አየር እንዲገባበት በሞራሌ ከግድግዳው አራት ሴንቲ ሜትር አራቅኩት፤ ከላዩም ጠብታውን የሚያሻግር አጭር የላሜራ ክንፍ አበጀሁለት።

በመጀመሪያው ዙር ዕቃውን በዓይነትና በቁመት ደረደርኩት፤ ቁልፍ ከቁልፍ፣ ፒንሳ ከፒንሳ ጋር፣ ከትንሽ ወደ ትልቅ። ለዓይን እጅግ ያምር ነበር፤ ሥራ ስጀምር ግን ለአንድ ፍሬን ሸራ ከሰሌዳው አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ስመላለስ፣ ድካሙ ሲበዛብኝ ዕቃውን መኪናዋ ኮፈን ላይ መተው ጀመርኩ። መልሼ አወረድኩትና በሥራ ከፋፈልኩት፤ የዘይትና የፍሬኑ በአንድ በኩል፣ የእንጨቱ በሌላ፣ የቧንቧው ከበሩ አጠገብ። በዚህ አደረጃጀት አንዳንድ ዕቃ ሁለትና ሦስት ቦታ ይፈለጋል፤ ስለዚህ እንደ ትርፍ የቆጠርኳቸው የ10 ቁጥር ቁልፎች በደስታ ቦታ አገኙ፤ አንዱ ከመኪናው ዕቃዎች ጋር፣ ሁለተኛው ከቧንቧው ጋር፣ ሦስተኛው መኪናዋ ውስጥ። መሮና ካቻቢቴ ለመስቀል የተጠቀምኩት ከጎሚስታ በነጻ ያገኘሁትን አሮጌ ካላማዳሪ ነው፤ በሁለት ጣት ስፋት ቆርጬ በየመዳፍ ርቀቱ በምስማር ስመታው ማንኛውንም እጀታ ጨምቆ ይይዛል። የእያንዳንዱን ዕቃ ጥላ በቀይ ቀለም የሣለችው የዘጠኝ ዓመት ልጄ ናት። ማታ ማታ መጥታ “አባዬ፣ መዶሻው ቤቱ አልገባም” ትለኛለች፤ ከዚህ የሚበልጥ የቁጥጥር ሥርዓት በመሥሪያ ቤቴም አላየሁም።

ለዝገቱ ሁለት ነገር ሞክሬ አንዱ ከሸፈብኝ። የዛጉትን ቁልፎች ኮምጣጤ ውስጥ አሳድሬ ጠዋት በሽቦ ብሩሽ ሳሻቸው ዝገቱ ለቀቀ፤ ከዚያ የኮምጣጤው አሲድ እንዳይቀርባቸው ቤኪንግ ሶዳ በበጠበጥኩበት ውሃ አጥቤ በፀሐይ አደረቅኳቸው። እስከዚህ መልካም ነበር። ቅባቱን ግን ከወጥ ቤት አመጣሁ፤ የኑግ ዘይት። በሁለት ወር ውስጥ ዘይቱ አየር እያገኘው ረጋና እንደ ሙጫ ተጣበቀ፣ አቧራውንም ሰብስቦ ቡናማ ቅርፊት ሆነ፤ የፒንሳዎቹ መጋጠሚያ አልከፈት አለ። ሁሉንም በነጭ ጋዝ አጥቤ እንደገና ጀመርኩ። አሁን የምቀባው በጨርቅ የተነካ አዲስ የሞተር ዘይት ነው፤ ከመኪና የወጣው ጥቁሩ ዘይት ውስጡ አሲድ ስላለበትና ለቆዳም ጎጂ ስለሆነ አልጠቀምበትም።

የተልባ ዘይት ግን ለእንጨት እጀታ ድንቅ ነው፤ እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ስለሚደርቅ እጀታው አይሰነጠቅም። የተቀባበትን ጨርቅ ግን ጠቅልሎ መጣል ክፉ ነው፤ ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያወጣ የተጨማደደ ጨርቅ ራሱን በራሱ ሊያነድ ይችላል። እኔ ሽቦ ላይ ዘርግቼ አደርቀዋለሁ። የመዶሻዬ ራስ በላላ ቁጥር ውሃ ውስጥ እዘፈዝፈው ነበር፤ እንጨቱ ሲያብጥ የጠበቀ ይመስላል፣ ሲደርቅ ግን ከበፊቱ ብሶ ይኮማተራል። አንድ ቀን ራሱ ተወርውሮ የመኪናዋን የኋላ መብራት ከሰበረ በኋላ ደረቅ የወይራ እጀታ አስገብቼ በሽብልቅ አጠበቅኩት፤ እስከ ዛሬ አልተነቃነቀም።

ግራይንደር ላይ ሁለት ነገር ሳላይ አልጀምርም። አንደኛው ዲስኩ ላይ የተጻፈው የዙር መጠን ከማሽኑ አለማነሱን ነው፤ የኔ ማሽን በደቂቃ 11,000 ጊዜ ስለሚዞር ከዚያ በታች የተጻፈበትን ዲስክ አላስርበትም። ሁለተኛው በመሐሉ ባለው የብረት ቀለበት ላይ የሚታተመው ወርና ዓመት ነው። ዲስኩን አጋጥሞ የያዘው ሙጫ ከጊዜና ከርጥበት ብዛት ስለሚደክም ያለፈበትን እጥላለሁ፤ የቀረውንም ከወለል ርቆ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አኖራለሁ።

አሁን ወደ አራተኛው ቁልፍ ልመለስ። አጥር የምንጋራቸው ጡረታ የወጡ አባት፣ “ልጄ፣ ያችን ቁልፍህን ለአንዴ” ብለው ከወሰዱ ዕቃው ከርሞ ነው የሚመጣው፤ እሳቸውን ደግሞ እምቢ ማለት አይሆንልኝም። ልጄ ካርቶን ቆርጣ የምናውሳቸውን ሰዎች ስም ጻፈችና ዕቃ ሲወጣ ባዶው ጥላ ላይ ስሙን መስቀል ጀመርን። “አሁንስ ስሜን ግድግዳ ላይ አዋላችሁት አይደል!” ብለው ሳቁ፤ የሚገርመው ግን ዕቃው በማግሥቱ መመለስ ጀመረ። ያን አራተኛውን የ10 ቁጥር ቁልፍ፣ መቼም ለምደውታል ብዬ መርቄ ሰጠኋቸው። ባለፈው እሑድ በሩን አንኳኩ፦

“ልጄ፣ ያች የሰጠኸኝ ቁልፍ የት እንደገባች እንጃ፤ አንዱን ታውሰኛለህ?”

“ምን ችግር አለ ጋሼ” ብዬ ከመኪናው ዕቃዎች ረድፍ አውርጄ ሰጠኋቸው፤ ልጄ ካርቶኑን ይዛ መሰላሉ ላይ ወጥታ ነበር።